የፍላጻ ግትርነትና የአዳኝ ቀስት

በብዙ የሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክሮች ውስጥ ቀስት ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፥ ፍላጻ ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። በመዝገቡ ላይ ስለ ቀስቱ ርዝመቱ፥ የእንጨቱ ዓይነትና የአውታሩ አሠራር ይጻፋል፤ ስለ ፍላጻውም ርዝመቱ፥ ክብደቱ፥ የራሱ ቅርጽና የላባው ብዛት ይጻፋል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ጠባይ ግን፥ ይኸውም የፍላጻው ዘንግ ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚጐብጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። በዐይን ታይቶ የሚታወቅ ነገር ስላልሆነ ይዘነጋል። ነገር ግን ቀስት ይዞ ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዛሬ በመዘውር የሚሠራውን ዘመናዊ የአደን ቀስት የያዘው አሜሪካዊ አዳኝም፥ ከዱር እንጨት ፍላጻውን ይጠርብ የነበረው የጥንት አዳኝም በዚህ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚለያዩት ጥያቄውን በሚመልሱበት መንገድ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዛሬው ንግግር «ቀስት» የሚለው ቃል ለሚወረውረውም ለሚወረወረውም ያገለግላል፤ አቅጣጫ የሚያመለክተው ምልክት እንኳ ቀስት ይባላል። ግዕዝ ግን ቀስትን ከሐጽ ለይቶ ይጠራል፤ የመጻሕፍት አማርኛም ፍላጻ የሚለውን ቃል ጠብቆ አቆይቷል። እዚህ ላይ ቀስት የሚባለው የሚሳበው፥ ፍላጻ የሚባለው የሚወረወረው፥ አውታር የሚባለው የቀስቱን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘው ጅማት ወይም ገመድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የፍላጻውን መጐበጥ አለመጐበጥ «ስፓይን» ይሉታል፤ የቃሉ ቀጥተኛ ፍች አከርካሪ ነው። አከርካሪ ብሎ መተርጐም ግን ነገሩን የአካል ክፍል ስለሚያስመስለው፥ ግትርነት የሚለው ቃል የተሻለ ይመስላል። ሲጫኑት ጥቂት የሚጐብጠው ዘንግ ግትር፥ ብዙ የሚጐብጠው ተጣጣፊ ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከአንድ እንጨት የተጠረበ ቀስት የያዘ ሰው ሲያነጣጥር አውታሩን እስከ አገጩ ይስባል፤ በዚያን ጊዜ ፍላጻው በቀጥታ ወደ ዒላማው ያመለክታል። ይሁን እንጂ ፍላጻው የሚያርፈው በቀስቱ መካከል ሳይሆን በጎኑ ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ወደ ቀስቱ መካከል ስለሚመለስ፥ የፍላጻው ጅራት ወደ መካከል ሲሄድ የፊቱ ክፍል በቀስቱ ጎን እንደ ተደገፈ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን በወረቀት ላይ በቀጥተኛ መስመር የሚሥል ሰው፥ ፍላጻው ከአውታሩ በሚለይበት ቅጽበት ወደ ጎን አመልክቶ ያገኘዋል። በሥዕሉ መሠረት ፍላጻው ዒላማውን መሳት ነበረበት፤ በተግባር ግን ይመታዋል። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስል ነገር በቀስተኞች ዘንድ «የቀስተኛው እንቈቅልሽ» ተብሎ ይታወቃል።

እንቈቅልሹ የሚፈታው ፍላጻው እንደ ቀጥ ያለ ዱላ ሆኖ እንደማይጓዝ ሲታወቅ ነው። ቀጭን ልምጭ ጫፉን ከግድግዳ አስደግፈው ከኋላው በድንገት ቢገፉት ወገቡ ወደ አንድ ጎን ይወጣል። ፍላጻም እንደዚሁ ነው፤ አውታሩ ከኋላ ይገፋዋል፥ የፊቱ ክብደት ደግሞ ባለበት ለመቆየት ይታገላል፥ በዚህ መካከል ወገቡ ይጐብጣል። በዚያ ላይ አውታሩ ከጣቶች ላይ ተንሸራቶ ሲወጣ በመጠኑ ወደ ጎን ስለሚሄድ፥ የመጐበጡን አቅጣጫ የሚወስነው ይህ እንቅስቃሴ ነው። የፍላጻው ወገብ መጀመሪያ ወደ ቀስቱ ይጫናል፤ ቀጥሎ እንደ ተወጠረ ነገር ተመልሶ ከቀስቱ ይርቃል፤ በመጨረሻም ዳግመኛ ሲጐብጥ ጅራቱና ላባው ቀስቱን ሳይነኩ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰኮንድ አንድ መቶኛ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ ማንም በዐይኑ ሊያየው አይችልም። በ1930ዎቹ ዓመታት ክላረንስ ሂክማን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እጅግ ፈጣን በሆነ የፊልም መሣሪያ ፍላጻው በቀስቱ ዙሪያ እየተጣጠፈ ሲያልፍ አሳየ። ሂክማን፥ ናግለርና ክሎፕስቴግ ስለ ቀስት ፊዚክስ የጻፏቸው ጽሑፎች በ1947 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል።

እንግዲህ ፍላጻው መጐበጡ ብቻ አይበቃም፤ በልክና በጊዜው መጐበጥ አለበት። ዘንጉ ከመጠን በላይ ግትር ከሆነ ቀስቱን ለመዞር በበቂ አይጐብጥም፤ ስለዚህ በቀስቱ ተገፍቶ ወደ ጎን ይሄዳል። በቀኝ እጁ አውታር የሚስብና በጣቱ የሚለቅ ሰው ከሆነ፥ ግትሩ ፍላጻ ከዒላማው ወደ ግራ ይወጣል። ከመጠን በላይ ተጣጣፊ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ ይወጣል፥ በጉዞውም ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በራሱ ትክክለኛ የሆነ ፍላጻ የለም። ለአንዱ ቀስት ልክ የሆነው ፍላጻ ለሌላው ስሕተት ነው፤ የአንዱ ቀስት ባለቤት እንኳ ሲለወጥ ልክነቱ ሊለወጥ ይችላል፥ ምክንያቱም ረጅም ክንድ ያለው ሰው ቀስቱን አብልጦ ስለሚስብ ኀይሉም ይጨምራል።

ይህን የጥንት ሠሪዎች በስሌት አያውቁትም፤ በእጃቸው ግን ያውቁታል። በ1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል በተባለች ከተማ አጠገብ የተገኘው ኢሺ የሚባለው የያሂ ሕዝብ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1916 ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ኖረ። በዚያም ሳክስተን ፖፕ የተባለውን ሐኪም ወዳጁን የቀስትና የፍላጻ ሥራ አስተማረው፤ ፖፕም ያየውን በ1918 ጽፎ አሳተመ። ኢሺ የፍላጻውን ዘንግ ከሐዘል ቍጥቋጦ ቀንበጥ ይቈርጥ ነበር፤ ልጡን ልጦ ካደረቀ በኋላ ፍም ላይ እያሞቀ በእጁ እያቃና ያስተካክለዋል። ዘንግ የሚያቃና ሰው እያንዳንዱን እንጨት ደጋግሞ ማጕበጥ አለበት፤ ደጋግሞ ሲያጐብጠውም የትኛው እንደሚጠነክርና የትኛው እንደሚላላ ጣቱ ሳያውቀው አይቀርም። በቤተ መዘክር መዝገብ ላይ የማቃናቱ ሥራ ፍላጻውን ቀጥ ለማድረግ ብቻ እንደሚደረግ ተቈጥሮ ይጻፋል። ምናልባት ከዚህ ይልቅ የመለካት ሥራም ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

ሆኖም ጥንታውያን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋቸው ነበር ማለት አይደለም። በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ከወጣችው «ሜሪ ሮዝ» ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ ከመቶ በላይ ረጃጅም ቀስቶችና በሺህ የሚቈጠሩ ፍላጻዎች ተገኝተዋል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ፍላጻ ሃያ አራት ሃያ አራት እየሆነ ታስሮ ይታደል ነበር፤ ከግምጃ ቤት የወጣው እስር የማንኛው ቀስተኛ እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ብዙ ሆኖ ወደቆመ ጦር የሚወረወር ፍላጻ አንድ ክንድ ወደ ግራ ቢያዘነብል ጉዳቱ ጥቂት ነው። አዳኝ ግን አንድን እንስሳ፥ ያውም የእንስሳውን አንድ ብልት ነውና የሚፈልገው፥ እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊታገሠው አይችልም።

በአደንም ውስጥ ቢሆን ልዩነት አለ። በምሥራቅ ኬንያ የሚገኙት ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ የዋታ አዳኞች እጅግ ከባድ በሆነ ቀስታቸውና በተመረዘ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ። መርዙ በአማርኛ ምረንዝ ከተባለው ዛፍ ወገን ይቀመማል፤ የዚህም ዛፍ አንዱ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ በኢትዮጵያ ዕፀዋትን ሲሰበስብ በኖረው በጀርመናዊው ሺምፐር ስም ተሰይሟል። መርዝ የያዘ ፍላጻ ቆዳውን አልፎ ሥጋ ውስጥ ከገባ ሥራውን የሚፈጽመው መርዙ ነው፤ ስለዚህ የመምቻው ቦታ ጠባብ መሆን አያስፈልገውም። መርዝ የማይጠቀም አዳኝ ግን ስለት ያለው ሰፊ ራስ በሳንባና በልብ መካከል ማሳለፍ አለበት። እንግዲህ የግትርነት ጥያቄ እጅግ የሚጠናው መርዝ በሌለበትና ራሱ ሰፊ ስለት በሆነበት አደን ነው። በባለመዘውሩ ቀስት የሚደረገው አደን ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ዓይነት ነው።

ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግትርነት እንዴት በቍጥር እንደሚገለጽ ማየት ይገባል፤ ፋብሪካው ከአዳኙ ጋር የሚነጋገረው በእነዚህ ቍጥሮች ነውና። የእንጨት ፍላጻ ሲለካ ዘንጉ በ26 ኢንች ርቀት በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ 2 ፓውንድ የሚመዝን ክብደት በመካከሉ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም ምን ያህል እንደ ረገበ በኢንች ይለካል። 26 ለተገኘው መርገብ ሲካፈል የሚወጣው ቍጥር የዘንጉ ግትርነት በፓውንድ ይባላል። ለምሳሌ 0.52 ኢንች የረገበ ዘንግ 50 ፓውንድ ይባላል፤ ትርጓሜውም ወደ 50 ፓውንድ ኀይል ለሚሳብ የእንጨት ቀስት ይስማማል ማለት ነው። የካርቦን ዘንግ ሲለካ ግን ድጋፎቹ 28 ኢንች ይራራቃሉ፥ ክብደቱም 1.94 ፓውንድ ወይም 880 ግራም ነው፤ ከፍላጻው ላይ የሚታተመውም መርገቡ ራሱ ነው። 0.400 ኢንች የረገበው 400፥ 0.500 ኢንች የረገበው 500 ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ በእንጨቱ መለኪያ ቍጥሩ ሲበዛ ግትርነቱ ይበዛል፤ በካርቦኑ መለኪያ ግን ቍጥሩ ሲበዛ ግትርነቱ ያንሳል። ይህ መገለባበጥ ስንቱን ጀማሪ እንዳሳሳተ መገመት አያስቸግርም።

በእንጨቱና በካርቦኑ መካከል የአሉሚኒየም ዘንግ ዘመን አለ። ዳግ ኢስተን የተባለው አሜሪካዊ ሠሪ የአሉሚኒየም ፍላጻ መሥራት የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በእነዚህ ዘንጎች ላይ የሚታተመው ባለአራት አሐዝ ቍጥር ግትርነትን በቀጥታ አይናገርም፤ 2216 ማለት የቱቦው ስፋት 22 ስድሳ አራተኛ ኢንች፥ የግድግዳው ውፍረት 16 ሺኛ ኢንች ነው ማለት ነው። ይኸውም 8.7 ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሆናል። ግትርነቱን ለማወቅ ሠንጠረዥ መመልከት ያስፈልጋል። የብረቱ ሥራ ያመጣው ታላቅ ለውጥ ግን ከቍጥሩ ይልቅ በመመሳሰሉ ላይ ነው። ከእንጨት የሚሠራ ሰው ከመቶ ዘንግ መካከል እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉትን ጥቂቶቹን ይመርጥ ነበር፤ ፋብሪካው ግን መቶውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ሰጠው።

ባለመዘውሩ ቀስት፥ ኮምፓውንድ የሚባለው፥ የተፈለሰፈው በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ነው። ሆልስ ዊልበር አለን የተባለው ሰው የተለመደውን ቀስት ጫፎች ቈርጦ በእያንዳንዱ ጫፍ መዘውር ገጠመበት፤ በ1966 ለፈጠራ መብት አመልክቶ በ1969 መጨረሻ ተፈቀደለት። መዘውሩ ማእከሉ ላይ ሳይሆን ከማእከሉ ፈቀቅ ብሎ ስለሚሽከረከር፥ አውታሩ ሲሳብ የሚጠይቀው ኀይል መጀመሪያ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይወጣል፥ ወደ መጨረሻው ግን ይወድቃል። 60 ፓውንድ የሚጠይቅ ቀስት ኀይሉ በመጨረሻው 80 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ፥ አዳኙ አውታሩን ስቦ በሚቆይበት ጊዜ የሚሸከመው 12 ፓውንድ ብቻ ነው። ለአዳኝ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ አውሬው ከዛፍ ጀርባ እስኪወጣ ድረስ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሊጠብቅ ይችላልና።

በዚህ ቀስት የቀስተኛው እንቈቅልሽ የተሻረ ሊመስል ይችላል። የመጨበጫው ክፍል ከመካከሉ አልፎ ስለሚቈረጥ፥ ፍላጻው ከጎን ሳይሆን በአውታሩ መንገድ ላይ ያርፋል፤ የሚዞረውም ቀስት የለም። ብዙው ሰው አውታሩን በጣቱ ሳይሆን ቃታ ባለው መልቀቂያ ስለሚለቀው የጎን እንቅስቃሴው እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዳንዶች ግትርነት በዚህ ዘመን ቀስት ላይ ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት አለው። ፍላጻው ወደ ጎን መጐበጡ ቢቀንስም ከኋላ የሚገፋው ኀይልና ከፊት የሚታገለው ክብደት አልጠፉም፤ መጐበጡ ይቀጥላል፥ አሁን በይበልጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል። መዘውሮቹ በእኩል ካልተሽከረከሩ ወይም ወደ ጎን ካዘነበሉ የጅራቱ መንገድ ይጣመማል፤ ተጣጣፊው ዘንግ ይህን ጥመት ያባብሰዋል። ቀስቱ ጥፋቱን ይቀንሳል እንጂ ምርጫውን ከአዳኙ ትከሻ ላይ አያወርድም።

ሁለቱን የመለኪያ ዓይነቶች ማነጻጸር ነገሩን ይገልጠዋል። በሠንጠረዦች ላይ 60 ፓውንድ ለሚሳብ ባለመዘውር ቀስት፥ ዘንጉ 28 ኢንች፥ ራሱ 100 ግሬን ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው 400 የተባለው የካርቦን ዘንግ ነው። 100 ግሬን 6.5 ግራም ያህል ነው። ይኸው ዘንግ በእንጨቱ መለኪያ በ26 ኢንች ድጋፍና በ2 ፓውንድ ክብደት ቢለካ 0.33 ኢንች ያህል ይረግባል፤ በፓውንድ ሲገለጽም ወደ 79 ይደርሳል። 60 ፓውንድ ለሚሳብ የእንጨት ቀስት 79 ፓውንድ ግትርነት ያለው ፍላጻ መስጠት ግልጽ ስሕተት ነው፤ ፍላጻው ከቀስቱ ጋር ተላትሞ ወደ ጎን ይሄዳል። ለባለመዘውሩ ግን ልክ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ በአንድ ወገን ፍላጻው በቀስቱ ዙሪያ እንዲጣጠፍ አይፈለግም፥ በሌላ ወገን ቀስቱ በአንድ መሳብ የሚያከማቸው ኀይል በተመሳሳይ ክብደት ከሚሳበው የእንጨት ቀስት ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ክብ መዘውሮች ኀይሉን ቀስ እያደረጉ ስለሚያስተላልፉ ለዘንጉ ይራሩለት ነበር። ካም የሚባሉት የኋለኞቹ ሞላላ መዘውሮች ግን በጥቂት ኢንች ውስጥ ከፍተኛው ኀይል ላይ ደርሰው እዚያው ስለሚቆዩ የበለጠ ግትርነት ይጠይቃሉ። ሠንጠረዡ ስለ መዘውሩ ዓይነት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

በምርጫው ውስጥ ከቀስቱ ኀይል ቀጥሎ ብዙ ጕልበት ያለው የዘንጉ ርዝመት ነው። በሁለት ድጋፍ ላይ የተጋደመ ዘንግ መርገብ በድጋፎቹ ርቀት ኩብ ልክ ይጨምራል፤ ርቀቱ ከ28 ወደ 30 ኢንች ቢያድግ መርገቡ በ23 በመቶ ያህል ይበዛል። ስለዚህ በቍጥሩ 400 የሆነው ዘንግ 30 ኢንች ሆኖ ሲቀር፥ በ28 ኢንች ከተቈረጠው ይልቅ ወደ 500 የተጠጋ ጠባይ ያሳያል ቢባል ለግምት ያህል አይሳሳትም። ብዙ አዳኞች ከፋብሪካ እንደ መጣ ረጅሙን ዘንግ ሳይቈርጡ ይዘው ሠንጠረዡን ያማርራሉ። ቍጥሩ የታተመው በተወሰነው የ28 ኢንች ድጋፍ ለተለካው ነው፤ አዳኙ የሚወረውረው ግን በእጁ ያለውን ርዝመት ነው።

የራሱ ክብደትም እንደዚሁ ነው። ከፊት የሚታገለው ክብደት ሲጨምር ዘንጉ አብልጦ ይጐብጣል፤ ዘንጉ ራሱ ሳይለወጥ ተጣጣፊ የሆነ ያህል ነው። ከ100 ግሬን ወደ 125 ወይም ወደ 150 ግሬን ራስ የሚሻገር ሰው ዘንጉን ደግሞ መመርመር አለበት። ይህ በጥንቱ ፍላጻ ላይም ይሠራል፤ ረጅም የብረት ራስ ወይም ከከባድ እንጨት የተሠራ የፊት ቅጥያ ያለው ፍላጻ፥ ሠሪው ሳይናገረው፥ ከኋላው ግትር ዘንግ ይፈልጋል። ክብደትና ግትርነት ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ቀላል የሆነ ግትር ዘንግ፥ ከባድ የሆነ ተጣጣፊ ዘንግም ይኖራል። ባለመዘውር ቀስት ለእያንዳንዱ ፓውንድ ኀይል ቢያንስ 5 ግሬን የሚመዝን ፍላጻ ሊሰጠው ይገባል የሚለው የተለመደ ደንብ ቀስቱን ከስብራት ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ 60 ፓውንድ ለሚሳብ 300 ግሬን ይሆናል። ይህን ደንብ ያሟላ ፍላጻ በግትርነቱ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ለልምምድ በሚያገለግለው ጠባብ ጫፍ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ይታያል። በመጠኑ የተሳሳተ ፍላጻ ቢወዛወዝም ከኋላው ያለው ላባ በጥቂት ሜትር ውስጥ ያረጋጋዋል፤ ዒላማውም ላይ በደንብ ያርፋል። የአደኑ ስለታም ራስ ሲገጠም ግን በፍላጻው ፊት ሌላ ክንፍ ተተከለ ማለት ነው። ፍላጻው ዘንበል ብሎ ከሄደ ነፋሱ የስለቱን ጠፍጣፋ ገጽ ይይዘዋል፥ የፊቱም ክንፍ ከኋላው ላባ ጋር ይታገላል። በዚህ ጊዜ ሰኞ በልምምድ ሜዳ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ያሰባሰበ ቀስተኛ ቅዳሜ በዱር ውስጥ ሚዳቋውን ከሆዷ ላይ ይመታል። በሆዷ የተመታች ሚዳቋ ቶሎ አትሞትም፤ ብዙ ርቀት ሸሽታ በማትገኝበት ቦታ ትወድቃለች። እየተወዛወዘ የደረሰ ፍላጻ በትክክለኛው ቦታ እንኳ ቢያርፍ ኀይሉን በመጣጠፍ ስለሚያባክነው ጠልቆ አይገባም። የግትርነት ጥያቄ የፊዚክስ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

አደጋው በአውሬው ላይ ብቻ አይደለም። ለቀስቱ ኀይል ከሚገባው በላይ ተጣጣፊ የሆነ፥ ወይም ቀድሞ የተሰነጠቀ የካርቦን ዘንግ ሲለቀቅ ተሰብሮ ስባሪው የቀስተኛውን የግራ እጅ ሊወጋ ይችላል። ሠሪዎቹ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ዘንጉን በእጅ እያጐበጡ፥ የስንጥቅ ድምፅ እንዳለ እንዲያዳምጡ ያስጠነቅቃሉ። በዚህ ምክንያትም በሁለት ቍጥሮች መካከል የሚያመነታ የባለመዘውር ቀስት ባለቤት ወደ ግትሩ ቢያደላ ይሻለዋል የሚል ልማድ ተተክሏል፤ ልማዱም ተገቢ ነው። በእንጨት ቀስት ላይ ግን ይህን ልማድ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ሠንጠረዡ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥንቁቅ አዳኝ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ሦስት ፈተና ያደርጋል። በመጀመሪያ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ በተወጠረ ወረቀት ውስጥ ፍላጻውን ያሳልፋል፤ ወረቀቱ እንደ ኮከብ ከተቀደደ ፍላጻው ቀጥ ብሎ አልፏል፥ በረጅሙ ከተቀደደ ግን ጅራቱ ከራሱ ጋር አልተጓዘም። ቀጥሎ ላባ የሌለውን ዘንግ ላባ ካለው ጋር እያፈራረቀ ይወረውራል፤ ስሕተቱን የሚያርምለት ላባ ስለሌለው ባዶው ዘንግ እውነቱን ይናገራል። በመጨረሻም ስለታሙን ራስ ከልምምዱ ጫፍ ጋር በ30 ወይም በ40 ሜትር ያወዳድራል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ካረፉ ነገሩ ተፈጸመ። ካልተስማሙ ከቍጥር ወደ ቍጥር ከመዝለል በፊት የቀስቱን መዘውርና የፍላጻውን ማረፊያ መመርመር ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ በዘንጉ የተሳበበው ጥፋት በዚያ ይገኛል። ኢሺ በፍም ላይ ዘንጉን እያጐበጠ ያደርገው የነበረውን ፋብሪካው በቍጥር ተካው፤ ቍጥሩ ባለቀበት ቦታ ግን አዳኙ ተመልሶ በእጁና በዐይኑ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤተ መዘክሩ መሳቢያ መመለስ ይቻላል። ያረጀ ቀስት ሊሳብ አይገባውም፤ ይሰበራልና። ፖፕ በ1923 ባሳተመው ጥናቱ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የመጡ ቀስቶችን እየሳበ ኀይላቸውንና የሚወረውሩትን ርቀት ለክቷል፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ የቅርስ ጠባቂ አይገኝም። የፍላጻውን ግትርነት ግን ሳይጐዱት መለካት ይቻላል፤ የተለካውም ግትርነት ስለማይሳበው ቀስት ኀይል ግምት ይሰጣል። 880 ግራም ለአሮጌ ዘንግ ብዙ ነው። ጥቂት እስከ ጐበጠ ድረስ መርገቡ ከክብደቱ ጋር በእኩል ስለሚያድግ፥ በ200 ግራም ለክቶ በ4.4 ማባዛት ይበቃል። በ71.1 ሴንቲ ሜትር ድጋፍ ላይ በ200 ግራም 3 ሚሊ ሜትር የረገበ ዘንግ በሙሉው ክብደት 13.2 ሚሊ ሜትር ይረግብ ነበር፤ ይህም 0.52 ኢንች ነው። ዘንጉ አጭር ከሆነ ድጋፎቹን አቀራርቦ ርቀቱን መጻፍ ነው፤ በኩብ ስሌት ወደ አንድ መለኪያ ይመጣል። መሰንጠቁ፥ መበላቱና በጅማት መጠቅለሉ በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል፤ የተሰነጠቀውም አይንጠልጠልበት።

የእንጨት ዘንግ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይግትር በሩብ ዙር እያዞሩ ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። በአውሮፓ የእንጨት ፍላጻ ሥራ የአውታሩ መቀበያ ስንጥቅ የሚቈረጠው የግትሩ ወገን በቀስቱ ጎን ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ነው፤ በሌሎች ሕዝቦች ፍላጻ ላይ ይህ ይኑር አይኑር ሁለቱን መለኪያዎች ከስንጥቁ አቅጣጫ ጋር በማስተያየት ይታወቃል። ራሱ ላይ ጥቁር ልባስ ያለበት ፍላጻ በጓንት ብቻ ይያዝ፤ የምረንዝ መርዝ ለረጅም ዘመን ኀይሉን ላያጣ ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከአንድ ማኅደር የወጡትን ፍላጻዎች አለመበታተን ነው። ዐሥር ፍላጻዎች አንድ በአንድ ተለክተው መርገባቸው የተቀራረበ ሆኖ ከተገኘ፥ ሠሪው መርጦ እንዳዛመዳቸው የሚያሳይ ምስክር ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ከተከፈሉ ደግሞ፥ ስሕተት ነው ከማለት አስቀድሞ ራሶቻቸውን መመልከት ይገባል፤ ለወፍ የሚወረወረው ደንዳና ራስ፥ ለትልቅ አውሬ የተቀመጠው ብረትና የልጁ የመለማመጃ ፍላጻ በአንድ ማኅደር ውስጥ አብረው ይገኛሉና።